ባሕር ዳር ቤት ለመያዝ፦ ቢጫ ካርድ፣ የዘመድ ስም፣ ሊዝ ወይስ ኪራይ? ውጭ አገር ለሚኖሩ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

ከውጭ የሚደወል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። «ቀበሌ 14 አካባቢ ጂ ፕላስ 1 ስንት ገባ?» ዋጋ በየወሩ ይለዋወጣል፤ እሱን ደላላ ሁሉ ይነግራችኋል። ደላላ የማይነግራችሁ ቤቱ በማን ስምና በምን ወረቀት እንደሚያዝ ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ያሉ፣ ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ቤቶች ገዝተው አንዱ ባለቤት፣ ሌላው ባለተስፋ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ሰፈርን ከሰፈር ሳይሆን መንገድን ከመንገድ ነው።

መጀመሪያ፦ በወረቀት ማን ናችሁ?

ብዙ ሰው ራሱን «ዲያስፖራ» ይልና እዚያው ላይ ይቆማል። ሕጉ ግን ዲያስፖራን በአንድ ዓይን አያይም።

አሜሪካ ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር ወይም ሳዑዲ በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) የሚሠራ ሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን እስካልለወጠ ድረስ ኢትዮጵያዊ ነው። ቢጫ ካርድ (ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ) አያስፈልገውም፣ ቢፈልግም አይሰጠውም። ቤት የሚገዛው እዚህ የምኖረው እኔ በምገዛበት ሕግ ነው። ይህን ባለማወቅ በወንድማቸው ስም ያስገዙ የዓረብ አገር እህቶች ብዙ ናቸው፤ በራሳቸው ስም እንዳይገዙ የከለከላቸው ሕግ አልነበረም።

የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ጉዳይ ይለያል። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ (ቁጥር 378) ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። በፈቃዳችሁ የሌላ አገር ዜጋ በሆናችሁበት ቀን በኢትዮጵያ ሕግ የውጭ ዜጋ ትሆናላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 ደግሞ የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል። ያን በር ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው፤ ቢጫ ካርዱ የሚወጣውም በዚሁ አዋጅ ነው።

ሦስተኛው ወገን የኢትዮጵያ ደም የሌለው፣ ባሕር ዳርን ወዶ መኖር የፈለገ የውጭ ዜጋ ነው። የሱ መንገድ ጠባብና ውድ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በምን እንመዝን?

እኔ የምመዝነው በአራት ጥያቄ ነው። ካርታው (የይዞታ ማረጋገጫው) ላይ የሚጻፈው ስም የማን ነው? የማይታሰብ ነገር ቢመጣ፣ ሞት ወይም ፍቺ ወይም ጠብ፣ ንብረቱ ወዴት ይሄዳል? እናንተ በሌላችሁበት ከሩቅ መቆጣጠር ይቻላል ወይ? አራተኛው፣ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ገንዘባችሁን መልሳችሁ ታወጣላችሁ ወይ?

ውበትና የሐይቅ እይታ በመስፈርቱ ውስጥ የሉም። ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው፤ እነሱ ሰውን የሚያሳስቱት እነዚህ አራቱ ጥያቄዎች ከመመለሳቸው በፊት ሲመጡ ነው።

መንገድ አንድ፦ በቢጫ ካርድ፣ በራስ ስም፣ የተሠራ ቤት

ዜግነት ለቀየረ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው ባይ ነኝ። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የቤት ባለቤትነት ክልከላውም ይነሳለታል። የማይሰጠው መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ነው። ቤት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጉዳት አይደለም።

ካርዱ ለመጀመሪያው ትውልድ ብቻ አይደለም። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሁሉ ማውጣት ይችላል። የኢትዮጵያ ዜግነቱን ትቶ የኤርትራ ዜግነት የወሰደ ግን በአዋጁ አይካተትም። ውጭ የተወለዱ ልጆች ካሏችሁ የእነሱንም ካርድ አብራችሁ አውጡ። ነገ ቤቱን የሚወርሱት እነሱ ናቸው፤ ካርድ የሌለው ወራሽ ከዚያው ከአንቀጽ 390 ጋር ይጋጠማል።

ካርዱ የሚወጣው በምትኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም እዚህ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። የምትኖሩበትን አገር ፓስፖርትና ትውልዳችሁን የሚያስረዳ ሰነድ፣ ለምሳሌ የድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም የልደት ማስረጃ፣ ያዙ። በሁሉም ወረቀት ላይ ስማችሁ አንድ ዓይነት ይሁን። እዚህ «ወርቅነሽ»፣ እዚያ ሌላ ፊደል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ የባል ስም እየሆነ የሚመጣ ሰነድ ቢሮ ለቢሮ ያንከራትታል። ባንክ ደግሞ ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያ) ይጠይቃል፤ አገር ቤት በገባችሁበት አጋጣሚ ተመዝገቡ።

ካርዱ ሲገኝ ቤት ፍለጋ ይጀመራል። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነውና።

«እትዬ፣ ካርታው ንጹሕ ነው። ዛሬ ቀብድ ካልጣሉ ነገ አያገኙትም» ይላል ደላላው፣ የባጃጁ ወንበር ላይ ኮፒውን እየዘረጋ። የተዘረጋው ኮፒ ነው። ዋናውን ጠይቁ፤ ከዚያም ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የባለይዞታው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አንድ ነው? ስፋቱ ስንት ካሬ ነው? አገልግሎቱ ለመኖሪያ ነው ወይስ ለንግድ? የይዞታው ዓይነትስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ) ነው ወይስ ነባር (ከሊዝ በፊት የተያዘ)? ከዚያ ቀያሽ ይዛችሁ የካርታውን መጋጠሚያ ነጥቦች መሬት ላይ አስፈትሹ። አጥሩ ከካርታው ወጥቶ መንገድ ውስጥ የገባ ግቢ ብርቅ አይደለም፤ የተረፈውን መሬት ዋጋ ግን ደላላው አብሮ አስልቶታል።

«ነባር» የሚለው ቃል ዋጋ አለው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721) መሠረት ነባር ይዞታ ያለበት ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል። «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» ተብሎ በተወደደ ዋጋ የሚሸጠው ቤት ለሻጩ ነባር ነው፤ ለእናንተ አይሆንም። የሊዝ ይዞታ ከሆነ ደግሞ ስንት እንደተከፈለና ስንት እንደቀረ በጽሑፍ ይምጣ።

ቀጥሎ ከማዘጋጃ ቤቱ «ከዕዳና እገዳ ነፃ» የሚል ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ወይም ባሏ ውሉ ላይ ይፈርሙ፤ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ላጤ ነኝ ካለ የላጤነት ማስረጃ ያምጣ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የሚለው ይህንን ነው። የሠፈር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ክብር አለው፤ ካርታ ግን አያዞርም። ስም ሲዞር የሚከፈለውን የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶና ሌሎች የስም ማዛወሪያ ወጪዎችን ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ቀብድ ቀልድ አይደለም። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ካርታው ሳይጣራ ቀብድ አትጣሉ፤ ከጣላችሁም «ቀብድ» የሚለው ቃል ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

አንድ ወጥመድ ለብቻው ይነሳ፦ የውክልና ሽያጭ። ሻጩ ስም ከማዞር ይልቅ «የመሸጥ የመለወጥ ውክልና» ይሰጣችኋል፣ ገንዘቡን ይወስዳል፣ እናንተም ቤት የገዛችሁ ይመስላችኋል። ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ ሲሞትም ከእሱ ጋር ይሞታል። ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩት ከወራሾች ጋር ነው።

ቤቱን ራሱን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ በነሐሴ እዩት። የባሕር ዳር መሬት ብዙው ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱ በወጉ ያልተሠራ ቤትም አብሮ ይሰነጠቃል። ሚያዝያ ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ምንም አይናገርም። ሐይቁ አጠገብ ደግሞ ውኃው ቅርብ ስለሆነ የሽንት ቤት ጉድጓድ በክረምት ይሞላል። ጎረቤት ጠይቁ፤ ጎረቤት ከደላላ ይሻላል።

መንገድ ሁለት፦ ሊዝ ተጫርቶ መሥራት

የሊዝ አዋጁ ለመኖሪያ 99 ዓመት ይሰጣል፤ ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ አያንስም። የጨረታውን ሰነድ ገዝታችሁ ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው በምን ሁኔታ እንደሚወዳደር የተጻፈውን አንብቡ። ካርታው ከመንግሥት እጅ ስለሚመጣ ከሁሉም ንጹሕ ወረቀት ይህ ነው፤ የሻጭ ሚስትም የሻጭ ወራሽም የለበትም።

ችግሩ ግንባታው ነው። ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ ጊዜ ተቆርጦ ይሰጣል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ሲሚንቶና ብረት የማይገባበት፣ ስልክ የሚቋረጥበት ወቅት ነበር፤ ቺካጎ ተቀምጦ ፎርማን መቆጣጠር በሰላሙ ጊዜም ቀላል አልነበረም። ሐሳብ ቀይራችሁ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ላስተላልፍ ብትሉ ደግሞ አዋጁ በገበያ ዋጋ አያሸጣችሁም። የሚመለስላችሁ የከፈላችሁት ሊዝ ከነወለዱ፣ የሠራችሁት ግንባታ ዋጋና ከማስተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ነው። ባዶ መሬት ይዞ ማትረፍ እንዳይቻል የተደነገገ ነው፤ «ባዶ ቦታ ከነሊዝ ካርታው» ብሎ በጎን የሚሸጥላችሁ ሰውም ይህንኑ እየዘለለ ነው።

በዓመት ሁለት ሦስት ወር እዚህ መክረም ለሚችል ይሁን። ሌላው ይለፈው።

መንገድ ሦስት፦ በዘመድ ስም

ከሁሉ የሚቀለው፣ ለዚያም ነው ብዙ ሰው የሚሄድበት። ቢጫ ካርድ የለም፣ ኤምባሲ የለም፣ ወንድም አለ። ወንድሜ ከእኔ አይሰርቅም ይባላል፤ እውነትም አይሰርቅም ይሆናል። ጥያቄው ግን የወንድም ታማኝነት አይደለም።

እንበል፣ እህት ከዋሽንግተን ለዓመታት ላከች፣ ወንድም አፄ ቴዎድሮስ ክፍለ ከተማ ቤት ገዛ፣ ካርታው በስሙ ወጣ። ወንድም ሞተ። በውርስ ሕጉ የመጀመሪያ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፤ ሚስቱም የጋራ ንብረት ድርሻ አላት። እህት «ገንዘቡ የእኔ ነው» ትላለች፤ ዳኛው ሰነድ ይጠይቃል። ያላት የሐዋላ ወረቀት ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈው «ለቤተሰብ ድጋፍ» ነው። ልጆቹም ክፉ ሆነው አይደለም፤ አባታቸው ቤት ሠርቶ እንደተወላቸው ነው የሚያውቁት። አክስታቸውን «እትዬ፣ እርስዎማ እናታችን ነዎት» እያሉ ነው የሚከራከሯት።

የግድ በዘመድ ስም የሚሆን ከሆነ፣ ለምሳሌ ካርዱ እስኪወጣ፣ ቢያንስ ገንዘቡን በጽሑፍ የብድር ውል አድርጉት። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ካላመነ ወይም ካልማለ በቀር፣ በምስክር አይረጋገጥም። ሕጉ ከወጣ ከስድሳ ዓመት በላይ ስለሆነ 500 ብር ዛሬ ሳቅ ያስመጣል፤ ድንጋጌው ግን አልተሻረም። ገንዘቡን በባንክ ላኩ፣ የተላከበትን ምክንያት በትክክል አስጽፉ፣ የዘመዳችሁ ባለቤትም ብድሩ ላይ ትፈርም። ይህ ቤቱን አያስመልስም፤ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ግን ያስቀርላችኋል።

ከባለአደራ ስም ይልቅ ዘመድን ወኪል ማድረግ ይሻላል። ቤቱ በእናንተ ስም፣ ሥራው በእሱ እጅ ይሁን። ውክልናውን በኤምባሲ ስጡ፤ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ለመግዛት፣ ለማስተዳደርና ኪራይ ለመሰብሰብ ብቻ ብላችሁ ጻፉ። ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ስለሚያስፈልግ፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ካልጻፋችሁ ቤቱ አይነካም።

መንገድ አራት፦ የውጭ ዜጋ ሆኖ

የኢትዮጵያ ትውልድ ለሌለው ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ የነበረው በር ኢንቨስትመንት ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት ብቻውን የሚገባ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ሲሆን 150,000 ዶላር ያስገባል፤ ባለሀብትነቱም መኖሪያ ቤት እንዲይዝ ያስችለዋል። በ2017 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆኑበትን አዋጅ አጸደቀ፤ ዝቅተኛው መጠን 150,000 ዶላር ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ለብቻው ከኢሚግሬሽን ይወጣል፤ ቤት መግዛትና አገር መኖር ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው።

በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ የሚገኘውን ዓይነት አፓርታማ ባሕር ዳር አትጠብቁ፤ የገበያው ስፋት ሌላ ነው። መሸጥ ስትፈልጉም ያንን ያህል የሚከፍል ገዢ ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ኢትዮጵያዊት ያገባ ወይም ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ ዜጋ ቤቱን በባለቤት ስም መያዝ ይቀናቸዋል፤ ያም ትዳሩ እስካለ ነው።

መንገድ አምስት፦ ተከራይቶ መቆየት

ስለ ኪራይ ብዙ የሚባል የለም፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320) ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ያዛል። «የዓመት በአንዴ ክፈሉ» የሚል አከራይ ሲያጋጥማችሁ ይህን አስታውሱት፤ ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉን ይከፍላል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው።

ስድስተኛው፣ መንገድ ያልሆነው

የሐይቅ ዳር መሬት። በጣና ዳር፣ በዘጌ ወይም ከዓባይ ማዶ ወደ ዘንዘልማ «የገበሬ ይዞታ ነው፣ ርካሽ ነው፣ በቅርቡ ከተማ ይገባል» እየተባለ የሚሸጥ አለ። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ «ድልድዩ ማዶ» የሚለው ቃል ራሱ ዋጋ አውጥቷል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የገበሬው የይዞታ ደብተር ለእርሻ የሚያገለግለው ለራሱ ነው፤ ወደ እናንተ ስም የሚዞርበት የሽያጭ መንገድ የለም። በላዩ የሚሠራው የጨረቃ ቤት (ሕገ ወጥ ግንባታ) ነው፤ ግሬደር ሲመጣም ካሳ የለውም። የጣና ዳርቻ ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ስለሆነ ቁጥጥሩ የሚላላ አይመስለኝም።

በአንድ ዕይታ

| መንገድ | ካርታው በማን ስም | ቢሞቱ ወይም ቢጣሉ | ከሩቅ ቁጥጥር | ለመውጣት |
|---|---|---|---|---|
| በቢጫ ካርድ የተሠራ ቤት | በራሳችሁ | ለወራሾቻችሁ (ካርድ ካላቸው) | በልዩ ውክልና ይቻላል | ገበያው ከፈቀደ ቀላል |
| ሊዝ ተጫርቶ መሥራት | በራሳችሁ | ለወራሾቻችሁ | ከባድ | ግማሽ ሳይደርስ ኪሳራ |
| በዘመድ ስም | በዘመድ | ለዘመድ ልጆችና ሚስት | በእምነት ብቻ | በዘመዱ ፈቃድ |
| የውጭ ዜጋ (150,000 ዶላር) | በራሳችሁ | እንደ ወራሹ ዜግነት | በወኪልና በጠበቃ | ገዢ ለማግኘት ጊዜ ይፈልጋል |
| ኪራይ | የአከራይ | ውሉ ያበቃል | አያስፈልግም | ቀላል |
| የገበሬ መሬት | በማንም አይወጣም | ክርክር | የለም | የለም |

ለማን የቱ?

ጡረታ ወጥታችሁ ለመግባት ያሰባችሁ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ክረምት ተከራይታችሁ ኑሩ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ወባ አለ፣ ሙቀቱም ለደም ግፊት ታማሚ ሁሉ አይስማማም። ከዚያ በቢጫ ካርድ የተሠራ ቤት ግዙ። ምድር ቤቱ ላይ መኝታ ያለው ይሁን፤ በሰባ ዓመት ደረጃ አይወጣም።

ገና በሥራ ላይ ላላችሁና ወላጆቻችሁን ለማሳረፍ ለምትሹ ትንሽ ቤት፣ በራሳችሁ ስም፣ ወላጆቻችሁ የሚኖሩበት። በአባት ስም ቢሆን ነገ የሚካፈሉት ወንድም እህቶቻችሁ ሁሉ ናቸው፤ ያን ከፈለጋችሁ መልካም፣ ግን አውቃችሁ ፈልጉት።

ዓረብ አገር ሆናችሁ በትንሽ በትንሽ የምታጠራቅሙ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ በእጃችሁ ነው፤ የማንንም ስም አትዋሱ። ገንዘቡን በራሳችሁ ሒሳብ ባንክ አስቀምጡ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን በባንክ መላክ እንደ ድሮው አይጎዳም፣ ሰነድም ይተዋል። ሙሉ ቤት እስኪደርስ የማኅበር ቤት ድርሻ ይሸጣል የሚል ቢመጣ፣ ለአባሉ የግል ካርታ መውጣቱን ሳታዩ እጃችሁን አትዘርጉ።

በመዋዕለ ንዋይ ለማትረፍ ብቻ ለምታስቡ ደግሞ ይህ ጊዜ በባሕር ዳር ለችኩል ገንዘብ አይመስለኝም። ጸጥታው እስኪረጋ ሻጭ ብዙ፣ ገዢ ጥቂት ነው፤ ለመኖር ለሚገዛ ያ መልካም ዕድል ነው፤ በሁለት ዓመት አትርፎ ለመሸጥ ላሰበ ግን አይደለም።